በአራተኛው ዘፈን ውስጥ የተነፋው ጥሩምባ

አልበማችን ዘጠኝ ዘፈን አለው። ስምንቱን ዛሬም እሰማቸዋለሁ። የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ እያወቅሁ፣ እየተሳቀቅሁ፣ ደስም እያለኝ እሰማቸዋለሁ። አራተኛውን ግን ከአንድ ማለዳ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። ሰው ሲከፍተው ከሰማሁም ተነስቼ እወጣለሁ። አምቦ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብዬ ነው የማስተምረው፤ ነገም ይህንኑ አስተምራለሁ።

ባንዳችን ሁለት ሰው ብቻ ነበር። እኔ ጊታር እጫወታለሁ፣ ጓደኛዬ ድራም ይመታል። ጓደኛዬ ጎሚስታ ነው። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ በመዶሻ ሲደበድብ ይውልና ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ድራም ይደበድባል። ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ነገሩን የጀመረብን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ነው፤ በፍላሽ ሙዚቃ ሰጠኝ። ጊታርና ድራም ብቻ፤ ቤዝ የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ ማሳመሪያ የለ። የድሮ ብሉዝ ነው፣ ግን ሰው ተናዶ በር እየደበደበ የሚጫወተው ዓይነት። ሰምቼ ሳልጨርስ ወደ ጎሚስታው ሄድኩና ጆሮው ላይ አደረግሁለት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስከ መጨረሻው ሰማና «ቀሪዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያየን ሁሉ የሚጠይቀን ይህንኑ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሁለታችን ብቻ ዕቃችንን ይዘን ስንገባ የሙሽራው አጎት በሩን ይዞ ቀሪዎቹን ጠበቀ። ስለዚህ ለአልበሙ ስም ስንፈልግ ብዙ አልተቸገርንም። «ቀሪዎቹ የት ሄዱ» አልነው።

ጊታሬ ስድስት ክር ይዛ ነው የተገዛችው፤ በዚያን ጊዜ ግን የቀሯት አምስት ነበሩ። ወፍራሙ ክር ሲበጠስ አምቦ ውስጥ ምትክ አጥቼ ጓደኛዬ ከባጃጅ ፍሬን ገመድ አንድ ሽቦ መዝዞ አሰረልኝ። ከሰው ጉሮሮ የሚወጣ የሚመስል፣ የሻከረ ድምፅ ነበረው። የድምፅ ማጉያዬም ወረቀቱ የተቀደደ ነው። እኛ ግን ሳናስተካክለው ተውነው፤ ያ ሻካራ ድምፅ እውነተኛው ድምፃችን እንደሆነ ወስነን ነበር። አሁን ሳስበው ድህነታችንን ስታይል አልነው፤ ግን አልተሳሳትንም።

የሚቀረን መቅጃ ቦታ ነበር። እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ በየመንገዱ መገናኛ ይቆማል፣ ሦስት ጊዜ ይነፋል። ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በአማርኛም በኦሮምኛም ይናገራል። ሰው ከመኝታው ሳይነሳ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የእሱ ከሆነ ያ ቀን የለቅሶ ቀን ነው። ልጆች «የሞት ልጅ» ይሉኝ ነበር። ክፍል ጓደኛዬ ቤት ደብተር ልዋስ ሄጄ በር ሳንኳኳ እናቱ ታየኝና ደረቷን ትይዛለች። «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?» ትለኛለች። እኔ የመጣሁት ለባዮሎጂ ደብተር ነው። ይህ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አይደለም፤ ጥሩምባውን ጠልቼው ነው ያደግሁት።

አባቴ ደግሞ ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንፋት እንድማርለት። እናቴ ከሞተች በኋላ፣ በተለይ ትንፋሹ እያጠረ ከመጣ በኋላ፣ ሳምንት ሳያልፍ ያነሳው ነበር። «ለዚህ ሰፈር ሁሉ ነፍቻለሁ። ለእኔ የሚነፋ ማን አለ?» ይለኛል። ስልክ እንዳለ፣ ማይክ እንዳለ እነግረዋለሁ። «ሞቴን በማይክ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔም ደንደን ብዬ ወደ ጊታሬ እሄዳለሁ።

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ አባቴ ዘንድ ነበር። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጠባብ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ማዕዘኑን ሞልቶታል፣ ትልልቆቹ ድስቶች ተደፍተዋል፣ ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፏል። ጥሩምባውም እዚያው ምስማር ላይ ይሰቀላል። ድንኳንና እንጨት ድምፅ ስለሚውጡ ለመቅጃ ከዚያ የተሻለ ቤት በከተማው አልነበረም። አንድ ችግር ነበር፤ የእድር ዕቃ ያለ ሞት ከቤቱ አይወጣም። ለሠርግ እንኳ የሚዋስ የለም። ዕቃው ያለ ሬሳ ከወጣ ሬሳ ይዞ ይመለሳል ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ጓደኛዬ ይህን እንደ ሕግ አዋቂ ተረጎመው። «አይወጣም ነው የተባለው። እኛ መች እናወጣዋለን? እዚያው ገብተን እንመታዋለን» አለኝ። አባቴ በዚያ ሳምንት ትንፋሹ ተነስቶበት ተኝቶ ነበር። ቁልፉን ሳልጠይቀው ወሰድኩ።

ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ፤ ሰፈሩ ግማሹ ገበያ ወጥቷል። ጓደኛዬ ቤዝ ድራም ስላልነበረው ትልቁን የእድር ድስት እንደተደፋ ወደ መሀል ጎተተውና በጫማው ተረከዝ ይረግጠው ጀመር። ለመቶ ሰው ወጥ የሚወጣበት ድስት ነው፤ ድምፁ ከእግሬ ገብቶ ሆዴ ውስጥ ይቆማል። መቅጃዋን አንዱ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ያቺን መዳፍ የምታክል ዕቃ ያዋሰንም ያው የዩኒቨርሲቲው ወዳጄ ነው። አንዱን ዘፈን አንድ ጊዜ ብቻ እንጫወታለን፣ ብንሳሳት አንመለስም ተባባልን።

አራተኛው ዘፈን ሦስት ቦታ ላይ ይቆማል። እየጮኽን መጥተን ድንገት ጊታሩም ድራሙም ዝም ይላሉ፤ ሰው አንዴ በረጅሙ ተንፍሶ የሚጨርስበትን ያህል ጠብቀን እንደገና እንገባለን። ሦስቱን ዝምታዎች አንዴ እንኳ ሳንሳሳት አለፍናቸው። ጓደኛዬ ሲጨርስ ሳቀ። የሁለታችንም ጆሮ ጭው ይል ነበር። ምንም አልሰማሁም፤ እሱም እንዳልሰማ ይምላል።

ለአምስተኛው ስንዘጋጅ በሩ ተንኳኳ።

ስከፍት ጎረቤታችን እማማ ቆመዋል፤ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፣ ከገበያ እየሮጡ ነው የመጡት። ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው እንደሳቸው የለበሱ ሁለት ሴቶች አሉ።

«ኤኙቱ ዱኤ? ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። «ማንም አልሞተም እማማ። ጊታር ነው የሰሙት» አልኳቸው።

«ጥሩምባና ጊታር አልለይም? አርባ ዓመት ስሰማው የኖርኩትን?» አሉና በትከሻዬ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ። እኔም ዞሬ አየሁ። ጥሩምባው ምስማሩ ላይ ነው። ለቅሶ ከነበረ ሁለት ወር አልፎ ስለነበር አፉ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች፤ ድሯ ሙሉ ነበር፣ አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም። እማማ አማተቡና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ሄዱ።

እኛ በሩን ዘግተን የቀሩትን አምስት ዘፈኖች ቀዳን። ለምን እንደቀጠልን ብትጠይቁኝ መልሴ ኩራት ነው፤ ሁለታችንም መጀመሪያ «እንተወው» የሚለው ሰው መሆን አልፈለግንም።

ጓደኛዬ ሥራ ቦታ ሄደን፣ ጎማ ላይ ተቀምጠን የቀዳነውን ከፈትን። አራተኛው ላይ ስንደርስ፣ በመጀመሪያው ዝምታ ውስጥ ጥሩምባ ተነፋ። ረጅም፣ ደህና ሆኖ የተነፋ። በሁለተኛው ዝምታም ተነፋ፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው የጠነከረ ነበር። በሦስተኛው ጀመረና መሀል ላይ ተቆረጠ፤ ትንፋሽ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ጊታሬ ገብቶ ሸፈነው። ጓደኛዬ አጠፋው። ከውጭ አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ ሲያልፍ ሁለታችንም ብድግ አልን።

«ሬዞናንስ ነው» አልኩት። የጊታሬ ወፍራም ክር ድምፅ ከጥሩምባው ጋር ገጥሞ አየሩን አንቀሳቅሶት ነው ብዬ አስረዳሁት። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እኛ ዝም ስንል ነው እንዴ ሬዞናንስ የሚነፋው?» አለኝ። «ደግሞስ ሦስተኛው ላይ ለምን ያለቅሳል?»

በማግስቱ እድሩ ተሰበሰበ። ያለ ሞት ጥሩምባ ተነፍቶ ሰው ገበያውን ጥሎ መጥቷል፣ ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የእድሩ ዳኛ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ማን እንደነፋ ጠየቁ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እጄን ላነሳ ነው፣ ልናገር ነው እያልኩ አባቴ ግድግዳ ይዞ ተነሳ። ከአልጋው ተነስቶ እንደመጣ እንኳ አላየሁም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ትንፋሼ እንዳለ ልሞክር ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

አንድም የተቆጣው የለም፤ እሱ ነው የባሰው። «ደክመሃል ኦቦ፣ በቃህ፣ ዕረፍ» አሉት በአክብሮት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞት በባጃጅ ላይ በተሰካ ማይክ እንዲነገር ተወሰነ። የባጃጅ ነጂ እዚያው ተመረጠ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ብቻ ተዉለት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን ሥራ በአንድ እሁድ አጣ፤ እኔም በሩ አጠገብ እንደቆምኩ ቀረሁ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት። «አንተ ታስተምራለህ፤ ስምህ ያስፈልግሃል» አለኝ። ጥቂት ሄደንም «ለመሆኑ ነፋኸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረበት። አልነፋሁም አልኩት። 

በሌላ ቀን ብቻዬን ወደ ዕቃ ቤቱ ተመልሼ ሬዞናንሱን ሞከርኩት። ማጉያውን ከጥሩምባው ፊት አቁሜ የጊታሬን ድምፆች አንድ በአንድ ተጫወትኩ። በአንዱ ላይ ጥሩምባው ትንሽ አንሾካሾከ፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ያህል። ከዚያ በላይ ምንም አላለም። ለጓደኛዬ ግን «ሞከርኩት፣ ይሠራል» አልኩት። መምህር ሲዋሽ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሆኖ ነው የሚዋሸው።

አልበሙ በዚያው እንዳለ ወጣ። «ወጣ» ስል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ነው፤ በፍላሽና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። የባጃጅ ነጂዎች ወሰዱት፣ የጭነት ሹፌሮች ጌዶ አደረሱት፣ አንድ ዘመዴ ደንዲ ለቅሶ ሄዶ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሰማሁት አለኝ። ሰው ወደደው ማለት ይከብደኛል። ያዘው ግን። ድሮ «ቀሪዎቹ የት ሄዱ?» የሚለን ሰው አሁን ጥያቄውን ለወጠው። «ሦስተኛው ማን ነው?» ይለናል። የጊንጪ መስመር ሹፌር የሆነ አንድ የማላውቀው ሰው መናኸሪያ ውስጥ አስቁሞኝ «አራተኛውን መንገድ ላይ አልከፍተውም፤ ስከፍተው ከኋላዬ ሰው የተሳፈረ ይመስለኛል» አለኝ። አመሰገንኩት።

አባቴ ግን አልሰማውም ነበር። እኔ እንዳይሰማው እፈልግ ነበር፣ እሱም አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ «እስቲ ያንን ነገር አምጣው» አለኝ። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። የእኔን ጩኸት በትዕግሥት አሳለፈው። ሦስቱ ዝምታዎች ላይ ግን እጁ ከጉልበቱ ላይ ብድግ እያለ የሚነፋ ሰው አያያዝ ይይዝ ነበር። ሲያልቅ እንደገና እንድከፍትለት በእጁ አሳየኝ።

«እኔ አይደለሁም» አለ በመጨረሻ። «የመጀመሪያዋ ደህና ናት። ሁለተኛዋ ትበልጣለች። ሦስተኛዋን ቆረጣት። እኔ ሦስተኛዋን ቆርጬ አላውቅም፤ አንዴ ብቻ ነው።»

«መቼ?»

«ለእናትህ ጊዜ።»

 እሱ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለለው።

«ለሰው የሚነፋ ሰው አይቆርጣትም» አለኝ። «ይሄ ለራሱ ሰው የሚነፋ ነው። አልለመደም ደግሞ፤ ጉንጩን አያውቀውም። ቢሆንም ትንፋሹ ረጅም ነው። ከኔ ይረዝማል።»

ማን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።  «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ከዚያ ቀን በኋላ ጥሩምባ እንድማር አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። እፎይ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፈራሁ። በዕቃ ቤቱ በኩል ማለፍ ትቼ ወደ ትምህርት ቤት በሁሉቃ ወንዝ ድልድይ በኩል እዞር ጀመር። ለጠየቀኝ ሁሉ እግሬን ለማፍታታት ነው እላለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ አባቴ ሞተ። አጠገቡ ነበርኩ። ትንፋሹ እየራቀ እየራቀ ሄደና ቀረ። የባጃጁ ሰው ሰምቶ ደርሶ ኖሮ ማይኩን ሰክቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ስሙን እንድሰጠው በር ላይ ይጠብቀኛል። ጥሩ ሰው ነው፣ ነጠላ እንኳ ለብሶ ነው የመጣው።

«ቆይ» አልኩት። 

ቁልፉን ከአባቴ ራስጌ ወስጄ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ መጣ፤ መቼ እንደደረሰ አላውቅም። ድስቱ በመሀሉ ስንት ለቅሶ ዞሮ፣ ያው ያኔ የጎተተው ቦታ ላይ ተደፍቶ ነበር። ጥሩምባውን ከምስማሩ አወረድኩና የሸረሪቱን ድር በእጅጌዬ ጠረግሁ። በሕይወቴ ነፍቼው አላውቅም። አፌ ላይ ሳደርገው ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ የአባቴ ጥርስ የፋቀው ቦታ ከከንፈሬ ጋር ገጠመ።

መንገዱ መገናኛ ላይ ቆሜ ነፋሁ። የመጀመሪያዋ ወጣች፣ ደህና ሆና። ተነፈስኩና ሁለተኛዋን ነፋሁ፤ ጠነከረች። በየግቢው በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። ሦስተኛዋን ስጀምር ከአሁን በኋላ እቤት ስገባ ወደ ግድግዳ ዞሮ የሚተኛ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ።  ጥሩምባው መሀል ላይ ተቆረጠ።

ያን ድምፅ አወቅሁት። የት ላይ እንደተቆረጠ፣ ከመቆረጡ በፊት እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ ሁሉን አወቅሁት። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ በሰው ስልክ። ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ የቀኝ እግሩ ተረከዝ መሬቱን ሊመታ ተነስቶ እዚያው ቀርቷል፣ ዝምታው አልቆ እስኪገባ እንደሚጠብቅ።

«ኢሱማ» አለ ቀስ ብሎ። እሱው ነው ማለቱ ነበር።

ከዚያ የሟቹን ስም መናገር ነበረብኝ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። አፌን ከፈትኩ፣ ስሙ ግን አልወጣም። ጥሩምባውን ደረቴ ላይ ይዤ መንገዱ መሀል ቆምኩ። መጀመሪያ ከግቢያቸው የወጡት ቅቤ ነጋዴዋ እማማ ነበሩ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እየለበሱ፣ በባዶ እግራቸው ወደኔ መጡ። ጥሩምባውን ደረቴ ላይ እያዩ ያው እንደዚያ ቅዳሜ ጠየቁኝ።

«ኤኙቱ ዱኤ? ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«አባቴ» አልኳቸው።